የዘጌ ጀልባ፦ ከአምስት ኮከብ ሁለት

ባለፈው እሑድ አክስቴን ጣና ሐይቅ፣ ዘጌ ያለችውን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ላሳልማት ይዣት ሄድኩ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ለስለቷ ነው። የጀልባውን ባለቤት ስም አልጽፍም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ጨዋታው ደስ ይላል፣ ዋጋውም አልተጋነነም። ሁለቱ ኮከብ ለዚያ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት እንነሳለን ተባባልን። የተነሳነው 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቤንዚን ሊያመጣ የሄደው ረዳት ቁርስ ላይ ተገኘ። ጣና ላይ መዘግየት ሰዓት ማባከን ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ቶሎ የሚቆጣው። ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ 9 ሰዓት ላይ ሌላ ነው። ይህን የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጁም ያውቃል።

ላይፍ ጃኬት አለ። በማዳበሪያ ታጭቆ፣ አፉ በሲባጎ ተጠፍንጎ፣ ከፊት መቀመጫ ሥር። አየሁት።

«አይለበስም እንዴ?» አልኩት።

«ምን ይሆናል ጋሼ፣ ሐይቁ ዛሬ ወተት ነው።»

እኔም ዝም አልኩ። እዚህ ጋ የምቀንሰው ኮከብ ከራሴ ነው።

ዘጌ እንደ ወትሮው ነው። በቡናው ጫካ ውስጥ ያለው አቀበት አክስቴን ሦስት ጊዜ አሳረፋት። አባቶች እንደሚሉት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሳ እዚያ አይታረስም። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው ቃሉን የሚጠብቅ ስላልጠፋ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አክስቴ የበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ የሰጣት ውሃ ሚዛኑን ደፋችለት። «ጥርኝ ውሃ እኮ ናት!» አለች፣ ዛሬ ገና የሰማች ይመስል።

ስንመለስ ነፋሱ ተነስቷል። መሀል ላይ ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ጠፋ። ቤንዚን አልቋል። ረዳቱ ያመጣው ግማሽ ጀሪካን ነበር፤ መመለሻውን ማንም አላሰበም። ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ፣ ውሃ መግባት ጀመረ። ረዳቱ በተቆረጠ ሃይላንድ ይቀዳል፣ ይደፋል። ማዳበሪያውን ጎተትኩ። ሲባጎው ረጥቦ አልፈታ አለኝ፤ በጥርሴ ፈታሁት። ለአክስቴ የደረሳት ጃኬት ዘለበት የለውም። በነጠላዋ አሰርኩላት። ኪዳነ ምሕረትን ስትጠራ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው።

ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎተተን። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያች ሃያ ደቂቃ ግን ያሰብኩት ስለ ልጁ አልነበረም።

እኔ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት አሮጊት ቤት የምጣድ መስመር ስዘረጋ ቴፕ አለቀብኝ። ኮርኒስ ውስጥ አንዷን መገናኛ ራቁቷን ትቼ ወጣሁ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ። በማግስቱ ሌላ ሥራ መጣ፤ «ምን ይሆናል» አልኩ። የልጁን ቃል፣ ከነዜማው።

የሚገርመኝ እንቅልፌ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ቆረቆረኝ። በሁለተኛው ትንሽ። በሦስተኛው ለጥ ብዬ ተኛሁ፣ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ረሳሁት። ሴትየዋ ግን እንጀራ መጋገራቸውን አልተዉም።

ወደብ ስንደርስ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ግማሹን ብር መለሰልኝ። ተቀበልኩ፤ አልዋሽም። ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ማልዳችሁ ውጡ፣ ጃኬቱን ሳትለብሱ እንዳትነሱ፣ ጀሪካኑንም በዓይናችሁ እዩት። ቡናውን እዚያው ዘጌ ግዙ፤ ጥሩ ነው።

ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ሴትየዋ ቤት ሄጄ ኮርኒሱን ከፈትኩ። መገናኛዋ አጠገብ ያለው እንጨት ጠቁሯል። ጠቅልዬ ዘጋሁት። «እንዴት አስታወስከኝ ልጄ» ብለው ቡና አፈሉልኝ። እስከ በረካው ተቀመጥኩ። ለምን እንደመጣሁ ግን አልነገርኳቸውም።