ስክሪፕቸር አፕ ቢልደር ከባሕር ዳር ሲገመገም

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ኮምፒውተር ተምሮ የወጣ ወጣት «በሙያዬ ለወንጌል ምን ልሥራ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሚክሰሩን ያዝ» ወይም «የቴሌግራም ቻናሉን ተከታተል» ነው። ከዚያ አለፍ ያለ ሥራ ለሚፈልግ ስክሪፕቸር አፕ ቢልደር ጥሩ መፈተኛ ነው። የተተረጎመ መጽሐፍ ቅዱስን ከነድምፁ ወደ ስልክ መተግበሪያ የሚለውጥ ፕሮግራም ሲሆን ያዘጋጀው በቋንቋና በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይ የሚሠራው ድርጅት ኤስአይኤል ነው። ክፍያ የለውም፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። አንድ መስመር ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፤ ፕሮግራመሮች ቅር የሚላቸውም እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ የማርቆስ ወንጌል ይበቃል፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ትርጉሙ ባለቤት አለው፤ የተቀዳው ድምፅም ለብቻው ባለቤት አለው። «ለእግዚአብሔር ሥራ ነው» ማለት ፈቃድ አይተካም።

አጫጫኑ የፕሮግራሙ ደካማ ጎን ነው። ጃቫና የአንድሮይድ መገንቢያ ኪት አብረው መጫን አለባቸው፤ መተግበሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገነባ ደግሞ ተጨማሪ ፋይሎች ከኢንተርኔት ይወርዳሉ። 1 ጊጋባይት አካባቢ መድቡ፤ መብራት የሚቆራረጥበት ቀን ላይም አትጀምሩት። ኔት መሀል ላይ ከጠፋ ጥፋቱ የእናንተ የሚያስመስል ረጅም የስህተት መልእክት ይወጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። ምንም ሳትነኩ ኔት ሲመለስ ድገሙት።

ጽሑፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ከሚጠቀሙበት ፓራቴክስት ከሚባለው ፕሮግራም ከመጣ በደቂቃዎች ይገባል። ከድሮ ዎርድ ፋይል ከመጣ ግን ተዘጋጁ። በአሮጌው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተተየበው ዩኒኮድ (ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። መጀመሪያ ኤስአይኤል ኮንቨርተርስ በሚባለው መለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ቀጥሎ አራት ነጥቡን ፈትሹ። ብዙ ጸሐፊዎች «።» በማስገባት ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። በዓይን አይለይም፤ ፕሮግራሙ ግን ድምፁን ከጽሑፉ ጋር ሲያዛምድ ሐረግ የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በተመዘገቡለት ሥርዓተ ነጥቦች ነው። «።»፣ «፤» እና «፣» በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ፤ አለዚያ አንቀጹ እንዳለ እንደ አንድ ሐረግ ይቆጠራል።

የፕሮግራሙ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በእንጅባራ መንገድ ላሉት የአዊኛ ተናጋሪዎች ሲሠራ ነው። ቋንቋውን ተናጋሪዎቹ «አውጚ» ይሉታል። የመጨረሻዋን ፊደል ልብ በሉ። የ«ጘ» ቤተሰብ ናት፤ በአፍንጫ ለሚወጣ ድምፅ የተበጀች እንጂ የአማርኛ ፊደል አይደለችም። ለአማርኛ ብቻ ተብሎ በተሠራ ፎንት የቋንቋው ስም ራሱ በባዶ ሳጥን ያልቃል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት ፊደሏን ይዟታል፤ ፕሮግራሙም ፎንቱን መተግበሪያው ውስጥ ስለሚከተው ስልኩ ምንም ዓይነት ፎንት ቢኖረው ገጹ ይነበባል። ስልኩ ላይ ከመተግበሪያው ምልክት (አዶ) ሥር ያለው ስም ግን በስልኩ በራሱ ፎንት ነው የሚጻፈው። ውስጡ አምሮ ስሙ ላይ ሳጥን የተደቀነበት መተግበሪያ እንዳይወጣ አሮጌ ስልክ ላይ ሞክሩ። ለመተየብ ኪይማን በሚባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ላይ ለአዊኛና ለኽምጣኛ የተዘጋጀ የቁልፍ ሰሌዳ አለ።

ሰው መተግበሪያውን የሚወደው በድምፁ ነው፤ አንባቢው ሲያነብ የሚነበበው ሐረግ በቀለም እየደመቀ ይሄዳል። ይህን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። የተቀዳ ድምፅ ካለ ኤኔያስ የሚባለው መሣሪያ ጽሑፉን በኮምፒውተር ድምፅ አንብቦ ከሰው ንባብ ጋር ያስተያየዋል። አንባቢው «የማርቆስ ወንጌል፣ ምዕራፍ አንድ» ብሎ ጀምሮ ጽሑፉ ላይ ይህ ከሌለ ድምቀቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንሸራተታል፤ ከንባቡ ሥር በገና ወይም ኪቦርድ ካለበትም እንዲሁ። ገና የሚቀዳ ከሆነ ግን ሂርዚስ በሚባለው በኤስአይኤል ፕሮግራም ቁጥር በቁጥር መቅዳት ይሻላል። እያንዳንዱ ቁጥር በድምፁ ውስጥ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት አብሮ ያወጣል፤ ሲሳሳቱም አንዱን ቁጥር ብቻ መድገም ነው።

ለመቅጃ ቆርቆሮ ጣሪያ ካለው አዳራሽ ራቁ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የማይታሰብ ነው። ንጋት ላይ የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ቀን ባጃጅ አለ፤ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሻላል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ መስቀል ውድ ማይክ ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብሎ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ»ና «ፐ» ይመቱታል። ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ ይቁም። ኤምፒ3ውን በሞኖ 64 ኪሎቢት አውጡት፤ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ32 ኪሎቢት ግማሹን ይወስዳል፤ ለንግግር ይሰማል፣ ግን «ሰ»ና «ሸ» ይሻክራሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተት። መተግበሪያው ሲገነባ ኪይስቶር በሚባል የፊርማ ፋይልና በይለፍ ቃሉ ይፈረማል። ፋይሉ ከላፕቶፑ ጋር ከጠፋ ማሻሻያው ከጎግል ፕሌይ ውጭ በተጫነው አሮጌ መተግበሪያ ላይ አይጫንም፤ ተጠቃሚው የግድ አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ያሰመረባቸው ጥቅሶችና ማስታወሻዎቹም አብረው ይጠፋሉ። በሁለት ፍላሽ ላይ ቅዱት፤ አንዱ በቢሮ ካዝና ይቀመጥ፣ የይለፍ ቃሉም በወረቀት ይጻፍ። አንድ ሰው ብቻ የያዘው ኪይስቶር ያ ሰው ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ የገባ ዕለት እንደጠፋ ቁጠሩት።

ለማሰራጨት ጎግል ፕሌይ የመመዝገቢያ 25 ዶላር አንዴ ይጠይቃል፤ ከገንዘቡ ይልቅ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ያስቸግራል። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት መፈተን አለባቸው። በየዓመቱም አዲሱን የአንድሮይድ ደረጃ ተከትሎ ማደስ ግድ ነው፤ ያልታደሰው አዳዲስ ስልኮች ላይ መታየቱን ያቆማል። የአንድ ሳምንት የአገልግሎት ጉዞ አድርጎ ለሚያስበው ሰው ይህ ሥራ አይሆንም። ከፕሌይ ውጭ የመጫኛ ፋይሉን (ኤፒኬውን) በቴሌግራም መላክ ወይም መተግበሪያው ውስጥ ባለው «አጋራ» በብሉቱዝ ማሳለፍ ይቻላል፤ ለዘጌና ለጣና ደሴቶች የሚያዋጣው እሱ ነው። ስልኩ «ካልታወቀ ምንጭ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሰው ይፈራል፤ ስለዚህ የሚያውቁት ሰው በእጁ ይጫንላቸው። ለአይፎን ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ እዚህ አካባቢ አያስቸኩልም።

ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙ አባቶችና እናቶች ፕሮግራሙ ምንም አያደርግም። ለእነሱ ያንኑ ቅጂ በምዕራፍ ቆርጦ ሚሞሪ ላይ መጫን ነው። የፋይሎቹን ስም ግን 01፣ 02 እያላችሁ በሁለት አኃዝ ጀምሩ፤ አለዚያ ብዙዎቹ ስልኮች ከምዕራፍ 1 ቀጥለው ምዕራፍ 10ን ያጫውታሉ።