ለፒክአፕ የሚሆን ተነሺ ጣሪያ ያለው ካምፐር፦ በገዛ እጅ መሥራት ወይስ ከፋብሪካ መግዛት?

በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍለ ግዛቶች የሚኖርና ፒክአፕ ያለው ሰው ከከተማ ወጥቶ ተራራ ሥር ለማደር ሲያስብ፣ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አያልፍም። አንደኛው ካሶኒው ላይ የሚቀመጥና ጣሪያው በሸራ ግድግዳ ወደ ላይ የሚነሳ ካምፐር፣ ማለትም ተጓዥ ማደሪያ፣ በገዛ እጅ መሥራት ነው። ሁለተኛው ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውኃ ታንከር የተገጠመለትን ሙሉ ካምፐር ከፋብሪካ መግዛት ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከላይ መኝታ ብቻ ያለውና ካሶኒውን ባዶ የሚተወው ቀላሉ የፋብሪካ ሥራ ነው። ገዢዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው፤ ነገር ግን መኪናው የማይሸከመው ካምፐር በነጻ ቢሰጥም ስለማይጠቅም ከዋጋ በፊት ክብደት መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሰዎችና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት ከስንት መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ቶዮታ ታኮማን በመሰለ መካከለኛ ፒክአፕ ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በ500 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ለሁለት ጎልማሶች 150፣ ለ75 ሊትር ውኃ 75፣ ለባትሪ፣ ለጋዝ፣ ለምግብና ለልብስ ሌላ 75 ኪሎ ግራም ሲቀነስ፣ ለካምፐሩ የሚተርፈው 200 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። ባሌስትራ መጨመር መኪናው ከኋላ እንዳይቀመጥ ይረዳል እንጂ ፋብሪካው የወሰነውን የክብደት ጣሪያ አያነሳም፤ ፍሬኑም፣ አክስሉም ያው የድሮው ነውና። ይህን ስሌት ሳይሠሩ ቀብድ መክፈል አይገባም።

እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሥራው ላይ ያለው ፎር ዊል ካምፐርስ የአሉሚኒየም አጽም ያላቸው ሙሉ ካምፐሮችን ይሠራል፤ ለመካከለኛ ፒክአፕ የሚሆነው ፍሊት የተባለው ሞዴል ውኃና ዕቃ ሳይገባበት 450 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ከላይ ባለው ስሌት መሠረት ግን ታኮማ ላይ ተጭኖ ሁለት ሰው ሲሳፈርበት ልኩን ያልፋል። 800 ኪሎ ግራም የሚሸከም ፎርድ ኤፍ-150 ግን ያለ ጭንቀት ይይዘዋል። ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ የሚጓዝ ቤተሰብ ካልሆነ በቀር ወጪውን የሚመልስ አይመስለኝም። በሞንታና የሚመረተው የጎ ፋስት ካምፐርስ ሥራ ደግሞ በተቃራኒው 130 ኪሎ ግራም አካባቢ ብቻ ስለሚመዝን ታኮማውን አያስጨንቀውም። ዋጋው 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ምድጃውንና መብራቱን ባለቤቱ ራሱ ያሟላል።

በገዛ እጅ ለሚሠራው የቁሳቁስ ወጪ፣ ፍራሹንና ሸራውን ጨምሮ፣ ከ2 እስከ 4 ሺህ ዶላር መያዝ ተገቢ ግምት ነው። ካምፐሩ ቀሎ ወይም ከብዶ መውጣቱን የሚወስነው የግድግዳውና የጣሪያው ቁሳቁስ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ አንድ ኮምፖርሳቶ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ስፋት የተቆረጠ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰማያዊ ወይም ሮዝ ጠንካራ ፎም ግን 2 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር በኮምፖርሳቶና በሞራሌ የሚሠራ ሰው ሳያስበው ከ300 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ሣጥን ይዞ ሊገኝ ይችላል። የተሻለው መንገድ ፎሙን በሁለት ስስ፣ 3 ሚሊ ሜትር በሆኑ ኮምፖርሳቶዎች መካከል አጣብቆ ጠንካራና ቀላል ሰሌዳ ማውጣት ነው። ሌሎች ደግሞ ፎሙን በጥጥ ሸራ አልብሰው ሸራውን ውኃ በማይፈራ የእንጨት ኮላ ካራሱት በኋላ የውጭ ግድግዳ ቀለም ይቀቡታል። ይህ ዘዴ ርካሽና ጠረን የሌለው ነው፤ ቅርንጫፍ ሲመታው ግን ስለሚሰረጎድ ጫካ ውስጥ ለሚገባ ሰው አልመክረውም። ፋይበርግላስ የሚመርጥ ካለ ኢፖክሲ ይግዛ፤ ርካሹ የፖሊስተር ማጣበቂያ በውስጡ ስታይሪን ስላለ ፎሙን እንደ ጨው ያሟሟዋል።

በቤት የሚሠራ ካምፐር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በጣሪያው ማንሻ ነው። የኤሌክትሪክ ማንሻ ምቹ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ግን ጣሪያው ባለበት ይቀራል። የጋዝ ፒስተን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ልክ ሆኖ የተመረጠ ፒስተን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። በዚህ ላይ 1.8 በ2.4 ሜትር በሆነ ጣሪያ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር በረዶ ቢያርፍ፣ አንድ ኪዩቢክ ሜትር በረዶ 100 ኪሎ ግራም ነው ብንል፣ 65 ኪሎ ግራም ጭነት ይሆናል። ጣሪያው ሌሊት ላይ ቀስ እያለ በተኙት ሰዎች ላይ እንዳይወርድ፣ በፒስተንም ሆነ በሞተር የሚነሳ ጣሪያ ሁሉ ከተነሳ በኋላ የሚቆለፍ ድጋፍ ሊኖረው የግድ ነው። ፋብሪካዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ በቤት የተሠራ ካምፐር ስትገዙም ሆነ ስትሠሩ መጀመሪያ ድጋፉን ፈልጉ።

ስለ ሸራው የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ልኩን ወስዳችሁ ድንኳን ወይም የጀልባ ሽፋን ለሚሰፋ ባለሙያ ስጡት። ፕላስቲክ የተቀባ ሸራ ዝናብ አያስገባም፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ የሚያወጡት ግማሽ ሊትር ያህል እርጥበት ውስጡ ላይ ወርዝቶ ያድራል። የጥጥ ሸራ ይተነፍሳል፤ እርጥቡን ታጥፎ ከቆየ ግን ይሻግታል። በሁለቱም ላይ ፊት ለፊት የሚከፈቱ ሁለት መስኮቶች ሊኖሩ ይገባል። እዚህ ላይ ለወገኖቼ በተለይ የምለው አለ፤ ጀበናውን ከሰል ላይ የመጣድ ልማዳችንን ወደ ካምፐሩ ውስጥ ይዛችሁ አትግቡ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ በጠባብ ቦታ በፍጥነት ይገድላል፤ መስኮት መክፈትም ዋስትና አይሆንም። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ከፋብሪካ የተገዛም ይሁን በቤት የተሠራ ካምፐር ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይሰቀል።

ካምፐሩ ካሶኒው ላይ የሚታሰርበት መንገድም እንደ መኪናው ይለያያል። የታኮማ ካሶኒ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ ከፕላስቲክ ውህድ የተሠራ በመሆኑ ማሰሪያው በወለሉ ብቻ መያዝ የለበትም፤ ቡሎኑ ከሥር ባለው ብረት ላይ መድረስ አለበት። ኤፍ-150 ደግሞ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ በመካከላቸው ጎማ ይነጠፍ። ከባዱ ዕቃ፣ በተለይም ውኃና ባትሪ፣ ከኋላው አክስል ፊት ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይላላል።

ጋራዥ ወይም ሰፊ ግቢ ያለው፣ መሰርሰሪያና መጋዝ የለመደ፣ በሙቀቱ ወራት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከአንድ ሰው ጋር የሚወጣ ሰው ራሱ ይሥራው፤ 200 ኪሎ ግራሙን ካላለፈ ከማንኛውም የተሻለ ምርጫ ነው። አፓርታማ ውስጥ የሚኖርና መኪናውን መንገድ ዳር የሚያቆም ሰው ግን ግማሽ ሥራ ላይ ቀርቶ ከሚቸገር ቀላሉን የፋብሪካ ሥራ ይውሰድ። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሙሉ ካምፐሩን ከትልቅ ፒክአፕ ጋር ያስብ፤ ያም ቢሆን የልጆቹ ክብደት ስሌቱ ውስጥ ይግባ። ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ ያቀደ ሰው ደግሞ በፊሺንግ ብሪጅ የሚገኘው ማደሪያ በድብ ምክንያት የሸራ ግድግዳ ያላቸውን እንደማይቀበል ይወቅ፤ ሦስቱም ምርጫዎች እዚያ አይገቡም።

ሌላ ሰው የሠራውን በሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ ጣሪያውን አንሥቶ እንዲጠብቃችሁ አትፍቀዱ፤ ስትደርሱ ተዘግቶ ይቆይና እናንተው አንሡት። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉና የሸራውን መታጠፊያ መስመሮች ወደ ፀሐይ ተመልከቱ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚያበሩ ነጥቦች ካሉ ዝናቡም በዚያው ይገባል። የወለሉን አራት ማዕዘኖች በአውራ ጣት ተጫኑ፤ እንጨቱ እሺ ካለና ከገባ ውስጡ በስብሷል ማለት ነው። በመጨረሻም መኪናውን ከነካምፐሩ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስወጡትና ቁጥሩን እዚያው በሩ ምሰሶ ላይ ከተጻፈው፣ መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን ከሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት (GVWR) ጋር አመሳክሩ፤ የሚዛኑ ክፍያ ጥቂት ዶላር ነው፣ ሻጩም እምቢ የሚልበት በቂ ምክንያት የለውም።