የቆዳ ስፌት፦ በሁለት መርፌ ወይስ በመኪና?
ለቀበቶና ለቦርሳ ማንገቻ ከሆነ ያለ ማመንታት የእጁን እመርጣለሁ። የስፌት መኪና የላይና የታች ክሮችን ቆዳው መሃል ላይ ያቆላልፋል፤ አንዱ ከተበጠሰ ቀጥሎ ያለውም ቀስ በቀስ ይላላል። በእጅ ሲሰፋ ግን ክሩ አንድ ነው፤ በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይታሰርበትና መርፌዎቹ በየቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። በአንድ በኩል ያለው ክር ተበልቶ ቢበጠስ የሌላው ወገን ይዞ ይቆያል።

እርግጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክሩ በሰም ይታሻል፣ ርዝመቱ የስፌቱን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል፣ ቀዳዳው በወስፌ ይበሳል። ሁልጊዜ በአንድ ወገን ያለው መርፌ ይቅደም፤ ተራው ከተዛባ መስመሩ ይጣመማል። መርፌው ዱልዱም ይሁን፣ ሹል ከሆነ ቀድሞ ያለፈውን ክር ይወጋዋል።

ለገበርና ለስስ ቆዳ መኪናው ይበቃል፣ ፈጣንም ነው።