ሻምበልንና የብሎካችንን ሮንዶች አመስግኑልኝ

ዛሬም ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ወጥቼ በሰላም ሥራዬ ገባሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። ቀጥሎ ደግሞ ሻምበልና ሌሊት የሚጠብቁን የብሎካችን ሮንዶች ይመስገኑ። ይሄን ምስጋና በሰው ፊት ካልተናገርኩት ዕዳ ሆኖብኝ ይኖራል።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሆቴል ውስጥ ቁርስ አብሳይ ነኝ። እንግዳው ሳይነሳ ፍርፍሩም፣ እንቁላሉም፣ ገንፎውም መድረስ አለበት። ሰርቪሱ እኛ ጋ አይመጣም። እስከ አስፋልቱ በእግሬ፣ ከዚያ በታክሲ ሜክሲኮ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄጃለሁ።

ጥቅምት ላይ ግን ከብሎካችን ብዙም ሳልርቅ ከኋላ አነቁኝ። ማጅራት መቺ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ክንድ አንገት ላይ ሲጠመጠም ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። መጮህ ይቅርና መተንፈስ አይቻልም። ስልኬን፣ ቦርሳዬን፣ አንገቴ ላይ የነበረውን የእናቴን የብር መስቀል ወሰዱ። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ። የምሳ ዕቃዬ ብቻ አጠገቤ ቀርቷል።

ይበልጥ ያቃጠለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያኔ ግቢያችንን የሚጠብቅ አንድ ድርጅት ነበር። በየወሩ እንከፍላለን። ዩኒፎርም አለ፣ መዝገብ አለ፣ ጥበቃ ግን የለም። ያን ሌሊት ተረኛው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኝቶ ነበር። ኃላፊያቸው ጋ ስደውል «ከአጥር ውጪ ስለሆነ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ከዚያ በፊት የጎረቤቴ መኪና ስፖኪዮ እዚያው አጥር ውስጥ ተነቅሎ ሲሄድስ? ያኔ ደግሞ «ታርጋውን ስፖኪዮው ላይ ማስጻፍ ነበረበት» ነበር መልሳቸው። ላመለክት የሄድኩበት ቢሮም ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ እያለ አመላለሰኝ። የስልክሽን መለያ ቁጥር አምጪ አሉኝ። ከየት ላምጣው? ስልኩ የለ። አንዱማ «በዚያ ሰዓት ሴት ልጅ ምን ፍለጋ ወጣች?» አለ። እንጀራ ፍለጋ ነው የወጣሁት። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ፈረቃዬን ወደ ቀን አስቀየርኩ። ደመወዜም በዚያው ልክ ቀነሰ።

መፍትሔውን ያመጡት የእድራችን ሰዎች ናቸው። እዚያው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስለ ሌባ ወሬ ተነሳ። ሁሉም የየራሱን አወራ። በሞተር እየመጡ የሚነጥቁት በዝተው ከተማው በ2011 ዓ.ም. ሞተር እስከ ማገድ ደርሶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሿሿው አለ። ተሳፋሪ መስለው ሚኒባስ ውስጥ ይቀመጡና በሩ አልተዘጋም፣ ተጠጊ እያሉ ያዋክቡሻል፤ ስትወርጂ ስልክሽ የለም። አንዲት እናት ታዲያ «ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ የምንሰበሰበው? በቁማችንም እንሰብሰብ እንጂ» አሉ። እዚያው ኮሚቴ ተመረጠ። ድርጅቱ ተሰናበተ። ከየቤቱ በወር 200 ብር ተዋጥቶ ስድስት ሮንዶች ተቀጠሩ። አስተባባሪያቸው ሻምበል ሆኑ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ የሚኖሩትም እኛው ብሎክ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ ነው ሻምበል ብቻ የምላቸው።

ተራው እንዴት እንደሚዞር፣ ፊሽካው አንዴ ሲነፋና ሁለቴ ሲነፋ ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው ፊሽካውን ስሰማ እንቅልፍ እንደሚወስደኝ ነው። በየደረጃው አምፖል ገብቷል። የፖሊስ ነፃ መስመር 991 በየመግቢያው ተለጥፏል። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ብለን የስልካችንን መለያ ቁጥር አውጥተን ደብተር ላይ እንድንጽፍ ቤት ለቤት እየዞሩ አስደርገውናል። ያኔ ይሄን የነገረኝ ሰው ቢኖር!

ጥር ላይ ወደ ሌሊት ፈረቃዬ ለመመለስ ወሰንኩ። የመጀመሪያው ቀን ግን ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። የምሳ ዕቃዬን ታቅፌ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሻምበል ባትሪያቸውን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። «ምነው ልጄ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ከእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«12 ሰዓት።»

«ገና ነው እንግዲህ። ትንሽ እንቀመጥ።»

ዝም ብለን ተቀመጥን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በኋላ ተነሱና «አንቺ ቅደሚ። እኔ ሃያ እርምጃ ከኋላሽ ነኝ። ዞረሽ አትይኝ፣ መብራቱን ብቻ ተከተይ» አሉኝ። ባትሪያቸውን ከእግሬ ፊት መሬቱ ላይ አበሩልኝ። ያቺን ክብ ብርሃን እያየሁ፣ ሳላቸውን ከኋላዬ እየሰማሁ አስፋልቱ ደረስኩ። የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲቆም ውስጡን በባትሪ አዩና «ይሄ ይቅርብሽ» አሉኝ። ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ሁለተኛው ሲመጣ ረዳቱን «ልጄ ናት፣ ታርጋህን ይዣለሁ» ብለውት በሩን ራሳቸው ዘጉልኝ። ታክሲው ውስጥ እስከ ሳር ቤት አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሌሊት አልቀሩም። እሳቸው ተረኛ ካልሆኑ ከሮንዶቹ አንዱን ይልካሉ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ድሮ ሥራ መግባቴን እስክሰማ እንቅልፍ የለኝም ትል ነበር። አሁን «ለሰውዬው ስጪልኝ» ብላ በሶ ትልካለች።

ደግሞ ጨካኞች አይደሉም። በቅርቡ አንድ ልጅ ኬብል ሲቆርጥ ያዙት። ሰው ዱላ ይዞ ወረደ፣ ሊደበድበው። ሻምበል ልጁን ከኋላቸው አድርገው ቆሙና «የተቀጠርኩት ሌባ ልይዝ እንጂ ልጅ ላስገድል አይደለም» አሉ። ፖሊስ እስኪመጣ ማንም ጫፉን አልነካውም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚጠብቀን።

የጀሞ ሰዎች፣ የሌላም ሰፈር ሰዎች፣ እባካችሁ መጥታችሁ አነጋግሯቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በራችን ላይ አሉ፤ የጠየቃችሁትን ሁሉ ይነግሯችኋል። ለሚተኛ ጥበቃ ከመክፈል እንዲህ ያለውን ፈልጉ፣ ስታገኙም ያዙት።

የብሎካችን ነዋሪዎች ደግሞ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለስድስቱም የዝናብ ካፖርትና ቦቲ ልንገዛላቸው ነው። ያላዋጣችሁ እስከ ቅዳሜ እኔ ጋ አምጡ። የሻምበል የጫማ ቁጥር 43 ነው፤ ተደብቄ ነው ያየሁት።