ስሟን አታባክኚባት ላለችኝ ስፒች ቴራፒስት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ልጄ ስፒች ቴራፒስት፣ ማለት የንግግርና የመግባባት ባለሙያዋ፣ ይሄን መጻፍ የነበረብኝ ድሮ ነው ግን ሁለት ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ስልክ ሳነሳ አንዱ ይጮሃል ሳስቀምጥ ሌላኛዋ ትነሳለች። ዛሬ በተአምር ሁለቱም አንድ ላይ ተኝተውልኛል እና ሳይነሱ ልሞክረው።

ትልቁ ልጄ 5 ዓመቱ ነው፣ ኦቲስቲክ ነው። ያወቅነው 3 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፣ እና ለምን ቀድሜ አላየሁም እያልኩ ራሴን ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዛ እህቱ ተወለደች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ እኔማ በገዛ ጥላዬም ነበር የምበረግገው። በ2 ወሯ ፈገግ ስትል ለኔ ነው ወይስ ለመጋረጃው እላለሁ፣ ስትጠባ ስንቴ ቀና ብላ እንዳየችኝ እቆጥራለሁ፣ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ እኔ ጉግል ላይ ነኝ። የኦቲስቲክ ልጆች ታናናሾችን ከህፃንነታቸው ጀምረው እስከ 3 ዓመታቸው የተከታተሉ ጥናቶች አሉ፣ በፈረንጆቹ 2011 የወጣው 664 ህፃናት ነበሩበት ከነሱ 18.7 በመቶው ኦቲስቲክ ሆነው ተገኙ፣ በ2024 የወጣው ደግሞ 1605 ህፃናት ይዞ 20.2 በመቶ ነው ያለው። በቃ ከ5 አንዱ ማለት ነው። ወንድ ከሆነ 25 በመቶ አካባቢ ሴት ከሆነች 13 አካባቢ። ይሄን ሳነብ እንኳን ሴት ሆነች አልኩና ወዲያው አፈርኩ፣ ምክንያቱም ትልቁ አጠገቤ ተኝቷል እና እሱን እንደ ስህተት የቆጠርኩት መሰለኝ።

9 ወሯ ላይ ስሟን ስንጠራ አትዞርም። ማለት አንዳንዴ ትዞራለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያቺ ልጅ እዛ የለችም። ሀኪም ጋ ወሰድኳት፣ "የመጀመሪያው ስላስደነገጥዎት ነው እንጂ ገና ህፃን ናት፣ 2 ዓመት ሲሞላት ይምጡ" ተባልኩ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሊያረጋጋኝ ነው። ግን ለትልቁም እኮ ያኔ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ተብለን ነው ያረፍነው፣ ሁለተኛ እንዲሁ ልታለል አልቻልኩም። ልብ በሉ፣ ኤም ቻት የሚባለው የኦቲዝም ምልክት መለያ መጠይቅ ራሱ ከ16 ወር ጀምሮ ነው የሚሞላው፣ በ18 እና በ24 ወር ሁሉም ልጅ እንዲታይ ይመከራል፣ ታላቅ ወንድሙ ወይ እህቱ ኦቲስቲክ የሆነ ህፃን ደግሞ ያንንም ሳይጠብቅ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ክትትል ይገባዋል።

እንዲህ ስብከነከን ነው ልጇ ከኔ ልጅ ጋር ቴራፒ የሚወስድ አንዲት እናት የዚችን ሴት ቁጥር የሰጠችኝ። ስፒች ቴራፒስት ናት፣ ከንግግር በፊት ባሉ ነገሮች ላይ፣ ማለትም በማየት በመጠቆም በመቀባበል ላይ ከጨቅላ ህፃናት ጋር ነው በብዛት የምትሰራው። ቤት መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እና ህፃኗን ትታ መጀመሪያ ትልቁ ልጄ ጋ ሄደች። እሱ እንደ ልማዱ የጠርሙስ ክዳን ደርድሮ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ እሷም በሆዷ ተኛችና ከሰልፉ መጨረሻ ላይ አንድ ክዳን ጨመረች። አነሳውና ሌላ ቦታ አደረገው። "ይቅርታ፣ ቦታው እዛ ኖሯል" አለችው። እኔ እዛው ላይ ነው የወደድኳት፣ ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ከዛ እኔና ህፃኗ ስንጫወት 5 ደቂቃ በስልኬ ቀረጸችን። መልሳ ከፈተችልኝና ስሟን ስንቴ እንደጠራሽ ቁጠሪ አለችኝ። 19 ጊዜ። በ5 ደቂቃ እኮ ነው እናንተዬ! "እሺ ከጠራሻት በኋላ ምን አደረግሽ?" አለችኝ፣ ምንም። ትዞር እንደሆነ ነበር የማየው። "እሷ ብትዞር ምን ታገኛለች? ውጤት የምትጠብቅ ፈታኝ። ስሟን አታባክኚባት። የምታሳያት ወይ የምትሰጫት ነገር ሲኖርሽ ብቻ ጥሪያት" አለችኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ስጠራት እንደከረምኩ አስቡት፣ አባቷም፣ የመጣ እንግዳም ሁሉ፣ በቃ ስሟ የደወል ድምጽ ሆኖባታል።

ግን "አይዞሽ ምንም የለባትም" ብላ አልሸነገለችኝም። መጀመሪያ የጆሮ ምርመራ አስደረገችን፣ ስም ሲጠራ የማይዞር ልጅ መስማቱ ሳይታይ ሌላ ነገር አይወራም ብላ። መስማቷ ደህና ሆነ። ከዛ በግልጽ፣ ድምጽ አውጥታ መልስ መጠበቅ ላይ ቀነስ ትላለች፣ የያዘችውን ነገር ወደ ሰው አንስታ አታሳይም፣ ይሄ ኦቲዝም ነው ማለት አልችልም አይደለምም ማለት አልችልም፣ እየሰራን እናያለን አለችን። እኔ አዎ ወይም አይ ፈልጌ ነበር። ባሌ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ተኛ፣ የማታውቀውን አላውቅም የምትል ባለሙያ አገኘን አለ።

በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች፣ ትቀርጻለች፣ አብረን እናያለን። ልጄን ከማሰልጠን ይልቅ እኔን ማየት ነው ያስተማረችኝ። አንዱን ቪዲዮ መቼም አልረሳውም። ሆዷን እየኮረኮርኳት ነው፣ ትስቃለች፣ እጄን አነሳለሁ፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም፣ እሺ አልፈለገችም ብዬ ወደ ትልቁ ዞራለሁ። ቴራፒስቷ ቪዲዮውን አቆመችው። እኔ በዞርኩበት ቅጽበት ልጄ ቀና ብላ ፊቴን እያየች ነው፣ እግሯን እያወራጨች፣ "ድገሚው" እያለች። ፊቴ ግን የለም። አለቀስኩ፣ አልዋሽም። "ሌሎች ልጆች በ1 ሰከንድ የሚሉትን እሷ በ5 ነው የምትለው፣ አንቺ ደግሞ በ3ኛው ትሄጃለሽ" አለችኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ በሆዴ እስከ 5 ሳልቆጥር አልነቃነቅም። ባሌንማ አንድ ቀን ስልኩን ተቀብላው ሶፋው ስር ነው የከተተችው፣ "አባቷ አንተም ፊት አለህ" ብላ። ተናዶ ነበር፣ አሁን ራሱ ነው ለሰው የሚያወራው።

ሌላ ያስተማረችኝ መጠቆም ሁለት አይነት መሆኑን ነው። "አምጡልኝ" ብሎ መጠቆም አለ፣ "እዩልኝ" ብሎ መጠቆም አለ። ጣት ያው ጣት ነው፣ ነገሩ ግን ለየቅል ነው፣ የመጀመሪያው ዕቃውን ይፈልጋል ሁለተኛው ሰው ይፈልጋል፣ እኔ ያየሁትን አንቺም እይው ነው። ትልቁ ልጄ በዛ ዕድሜው ሁለቱም አልነበረውም፣ እጄን ይዞ ወስዶ ማንቆርቆሪያው ላይ ያስቀምጠው ነበር፣ እጄን እንደ መክፈቻ። ያኔ ጎበዝ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል ብዬ ስቄ አልፌዋለሁ። ልጄ በ13 ወሯ ብስኩት ላይ ስትጠቁም ቤቱ ጭብጨባ ሆነ፣ ቴራፒስቷ ግን በጣም ደስ ይላል፣ ሁለተኛዋን እንጠብቃለን ብላ ቁጭ።

ሁለተኛዋ በ15 ወሯ መጣች። ትልቁ መስኮት ስር እጁን እያርገበገበ እየዘለለ ነው፣ ደስ ሲለው እንደዛ ነው። እሷ ወለል ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፣ ጣቷን ወደሱ ዘረጋች፣ ዞር ብላ እኔን አየች፣ መልሳ እሱን፣ እንደገና እኔን፣ "እ!" ብላ። ምንም አልጠየቀችኝም፣ ወንድሟን ነው ያሳየችኝ። ለቴራፒስቷ በድምጽ ላኩላት ግማሹ ለቅሶ ነው አይሰማም፣ "ምኑን ነው የጠቆመችው?" ብላ ጻፈችልኝ፣ ወንድሟን ስላት ለደቂቃ ያህል ምንም አልመለሰችም፣ ከዛ አንድ ልብ ብቻ ላከች።

አሁን 2 ዓመቷ ነው። በዛ ዕድሜ በተደረገላት ግምገማ የኦቲዝም መስፈርቱን አላሟላችም፣ ንግግሯ ግን ዘግይቷል፣ 30 ቃል ገደማ ነው ያላት። ቴራፒስቷ 3 ዓመት ሳይሞላት ፋይሏን አልዘጋም ብላለች፣ ከታናናሾቹ ውስጥ ኦቲስቲክ ያልሆኑትም ቢሆኑ ከ5 አንዱ አካባቢ እንዲህ ቀለል ያለ መዘግየት ወይ የመግባባት ችግር ይታይባቸዋል፣ እነሱ ናቸው ደህና ናቸው ተብለው የሚረሱት አለችኝ። እኔ ደግሞ አንቺ ነሽ ያዳንሻት ስላት ተቆጣችኝ። ኦቲዝም ከሱ የሚዳን ነገር አይደለም፣ ወንድሟ ይሰማል አለችኝ። በአውስትራሊያ ይሄን በቪዲዮ የሚሰራውን ነገር ምልክት በታየባቸው 100 ገደማ ህፃናት ላይ ሞክረውት በ2021 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ወላጆቹ የሰለጠኑላቸው ልጆች በ3 ዓመታቸው መስፈርቱን ያሟሉት ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ፣ ግን አንድ ጥናት ነው እና ተአምር አድርገሽ እንዳታወሪው ብላ አስጠንቅቃኛለች፣ ይኸው እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

እንከኗንም ልናገር፣ ቀጠሮ ለማግኘት ሳምንታት ትጠብቃላችሁ፣ ለሜሴጅ ቶሎ አትመልስም፣ ምላሷም ትንሽ ይቆነጥጣል። እኔን ተስማምቶኛል፣ ሆደ ባሻ የሆናችሁ ግን ተዘጋጁ። ሌላ ሰው ጋ የምትሄዱም ካላችሁ እኔ የማየው ወለል ላይ ትቀመጣለች ወይ፣ ትልቁን ልጅ ታናግራለች ወይ፣ እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ዘግታ ነው የምትሰራው ወይስ እናንተን ይዛ፣ እሱን ነው። በ10 ደቂቃ አይታ ስም የምትለጥፍን፣ ወይ በ3 ወር ጨርሼ አስረክባችኋለሁ የሚልን ሰው በበኩሌ ሁለተኛ አልሄድበትም።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ እሰጣችኋለሁ። የልጁን ዕድሜ በወር አድርጋችሁ ጻፉ እሷም መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ብቻ በድምጽ አትላኩልኝ፣ እነዚህ ልጆች ገና አሁን ነው የተኙት።