ጉግል ድራይቭን ኮምፒውተሬ ላይ ከጫንኩ 9 ወር ሆነኝ

ብራውዘር ላይ የሚከፈተውን ማለቴ አይደለም። እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል። የማወራው ኮምፒውተር ላይ ኢንስቶል ስለሚደረገው ፕሮግራም ነው። ፋይል ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ከጀርባ ሆኖ ራሱ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጉግል ማከማቻ፣ ይጭነዋል። «ጉግል ድራይቭ ፎር ዴስክቶፕ» ይባላል። በ2021 የድሮውን «ባክአፕ ኤንድ ሲንክ» የተካው እሱ ነው።

ሁለት ማሽን አለኝ። አንዱ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ ያለው ያረጀ ዴስክቶፕ ነው። ሌላው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው ላፕቶፕ። ሁለቱም ዊንዶውስ ናቸው። ድሮ በመሃላቸው የሚመላለሰው ፍላሽ ነበር። ፍላሹ ውስጥ ደግሞ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ፋይሎች ነበሩ። የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ፍርዴን ላስቀድም። ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፤ አልለቀውም። ግን በ9 ወር ውስጥ ትልልቆቹ ራስ ምታቶቼ የመጡት በደንብ ሳላስብ «ኔክስት» ካልኩባቸው ሁለት ምርጫዎች ነው።

መጫኑ ራሱ ምንም የለውም። ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ ብራውዘር ይከፈታል፣ በጉግል አካውንታችሁ ትገባላችሁ፣ አለቀ። ታችኛው ባር ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ትንሽዬ ባለሦስት ማዕዘን አይከን ትመጣለች። እሷን ልመዷት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ዋናው ጥያቄ «ስትሪም» ወይስ «ሚረር» የሚለው ነው። ሚረር ማለት ክላውድ ላይ ያለው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ኮምፒውተራችሁ ላይም ይቀመጣል ማለት ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም ፋይሉ እጃችሁ ላይ ነው። ስትሪም ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ድራይቭ ይፈጠራል፤ ብዙ ጊዜ «ጂ» የሚል ፊደል ይሰጠዋል። ከፍታችሁ ስታዩት ፋይሎቹ ሁሉ ተደርድረዋል። ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ራሳቸው ግን የሉም። አንዱን ስትከፍቱት ያኔ ከክላውድ ይወርዳል።

እኔ «ፋይሌ እጄ ላይ ይሁን» ብዬ ሁለቱም ማሽን ላይ ሚረር አልኩ። ዴስክቶፑ ላይ የነበረኝ 68 ጊጋ ነው። አፕሎድ አድርጎ እስኪጨርስ 5 ቀን ፈጀ። በነገራችን ላይ የሚያዘገየው ትልቁ ፋይል አይደለም። አንድ 2 ጊጋ ቪዲዮ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 20 ሺህ ጥቃቅን ፋይል ያለበት ፎልደር ግን አንድ በአንድ ሲያስገባ ይውላል ያድራል። መጀመሪያ ሲንክ ስታደርጉ (ኮምፒውተሩና ክላውዱ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲይዙ ስታደርጉ ማለቴ ነው) ብዙ የማትከፍቷቸውን ትናንሾች ዚፕ አድርጋችሁ አንድ ላይ ብትጠቀልሏቸው ብዙ ቀን ታተርፋላችሁ።

ከዚያ ተራው የላፕቶፑ ሆነ። ላፕቶፑ ላይ የቀረኝ ባዶ ቦታ 40 ጊጋ ነው። 68 ጊጋ 40 ውስጥ አይገባም። ይሄን ለማወቅ ሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ማታ ከፍቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ «ሲ» ድራይቭ ቀይ ሆኗል፣ ብራውዘሩ እየተንገዳገደ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ያን ቀን ላፕቶፑን ወደ ስትሪም ቀየርኩት። ዴስክቶፑ ሚረር ሆኖ ቀረ። እስከዛሬም እንደዚያው ነው። እንደኔ ሁለት ማሽን ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት አላገኘሁም። ትልቁ ዲስክ ሁሉን ይይዛል፣ ትንሹ የሚፈልገውን ብቻ ይጠራል።

ስትሪም ግን ቃሉን የሚጠብቀው ኔትወርክ እስካለ ድረስ ነው። መንገድ ላይ ሆናችሁ ፋይሉን ስትፈልጉት ደመና ምልክት ብቻ ታያላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የምትፈልጉትን ፎልደር ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኦፍላይን፣ ማለትም ያለ ኢንተርኔት፣ እንዲገኝ ማዘዝ ነው። ያኔ ወርዶ ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ በዚያው መንገድ «ኦንላይን ኦንሊ» ብትሉት ቦታውን ይለቃል። እኔ «በእጅ ያለ» የሚል አንድ ፎልደር አለኝ። የሳምንቱን ሥራ እዚያ አስገባለሁ፤ ሁሌም ኦፍላይን ነው።

አሁን ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። አንድ ቀን የማቀርበው ነገር ነበረኝ። ኢንተርኔት አይኖር ይሆናል ብዬ ከ«ጂ» ድራይቭ ላይ አምስት ፋይል ወደ ፍላሽ ኮፒ አደረግሁ። ኮፒው በአንድ ሰከንድ አለቀ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እዚያ ደርሼ ፍላሹን ሰክቼ ስከፍት ሦስቱ ፋይሎች 1 ኪሎባይት ናቸው። ስከፍታቸው ብራውዘር ይመጣል። ብራውዘሩ ኢንተርኔት የለም ይላል። ሰው ከጀርባዬ ተቀምጦ እያየ ነው።

ነገሩ ይሄ ነው። ጉግል ዶክስ ወይም ጉግል ሺትስ ላይ የጻፋችሁት ነገር ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፋይል አይቀመጥም። የሚታየው ወደ ድረ ገጹ የሚያሻግር አቋራጭ ብቻ ነው። ሚረርም ብትመርጡ ያው ነው። ወርድና ፒዲኤፍ ግን እውነተኛ ፋይሎች ናቸው፤ የተረፉልኝ ሁለቱም እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የትም ይዤው የምሄደውን ሰነድ መጀመሪያ በወርድ ወይም በፒዲኤፍ ዳውንሎድ አደርገዋለሁ። ኮፒ ካደረግሁ በኋላም መጠኑን ሳላይ ፍላሽ አልነቅልም።

ሁለተኛው ምርጫ ደግሞ የትኛው ፎልደር ሲንክ ይደረግ የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ከ«ማይ ድራይቭ» (ከራሱ ከድራይቩ ዋና ፎልደር) ውጪ ያሉ ፎልደሮችንም ይቀበላል። ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ያሻችሁን። ድረ ገጹ ላይ «ኮምፒውተርስ» በሚለው ስር ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ላፕቶፑ ላይ ፒክቸርስን ጨመርኩ። 11 ጊጋ ፎቶ ነበረበት። ወደ ክላውድ ሄደ፣ ተደሰትኩ።

ከጥቂት ወር በኋላ ላፕቶፑ ቦታ አነሰው። «ፎቶው ክላውድ ላይ አለ አይደል?» ብዬ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ጠራርጌ አጠፋሁ። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግሁ። ረጋ ብዬ ነው ያደረግሁት፤ እንደ ብልህ ሰው።

ሲንክ ግን ዕቃ ቤት አይደለም። እዚህ ያጠፋችሁትን እዚያም ያጠፋል። እሱ ታዛዥ ነው፤ «ይሄ ሰውዬ ፎቶዎቹን አይፈልግም» ብሎ ክላውድ ላይ ያሉትንም ወደ ትራሽ ወረወራቸው። ትራሽ ውስጥ ያለ ፋይል የሚቆየው 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በራሱ ይሰረዛል። እኔ ነገሩን ያወቅሁት በ26ኛው ቀን ነው። እሱም እህቴ «ያቺን ፎቶ ላክልኝ» ስላለችኝ ብቻ። ባትጠይቀኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ በሌላ ስሜት ነበር የምጽፈው።

ሪስቶር አልኩ። ሁሉም ተመለሰ። ተመለሰ ስላችሁ ላፕቶፑ ላይም ጭምር ነው፤ 11 ጊጋው ዲስኩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ፎልደሩ አሁንም ሲንክ ላይ ነዋ!

በመጨረሻ ያደረግሁት ይሄን ነው። ፎቶዎቹን ከፒክቸርስ ወደ «ጂ» ድራይቭ ኮፒ አደረግሁ። እዚያ ሲሆኑ ስትሪም ስለሆኑ ቦታ አይዙም። እዚህ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ወደ «ጂ» የምታስገቡት ነገር አፕሎድ እስኪሆን ድረስ የሚቀመጠው እዚያው የራሳችሁ ዲስክ ላይ፣ ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ነው። ዲስካችሁ ሞልቶ ከሆነ 11 ጊጋ በአንዴ አይዋጥለትም። ስለዚህ 2 ጊጋ አስገባለሁ፣ አፕሎዱ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፣ ድረ ገጹ ላይ መኖሩን በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ ከፒክቸርስ አጠፋለሁ። እንዲህ እያልኩ ጨረስኩት። ሌላ ሰፊ ዲስክ ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የካሹን ቦታ ወደዚያ ማዛወር ይቻላል።

ያቺን አይከን ልመዷት ያልኳችሁም ለዚህ ነው። ስትነኳት ምን እየተጫነ እንደሆነ ትነግራችኋለች። ፋይል ሴቭ አድርጎ ወዲያው ላፕቶፑን የሚዘጋ ሰው ሌላኛው ማሽን ላይ የትናንቱን ነው የሚያገኘው። ከዚያ የትናንቱ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይኖሩታል። ከፍላሹ ዘመን በምን ተሻለ?

ሲንክ ውስጥ ማስገባት የሌለባችሁ ነገሮችም አሉ። አንዱ ሁሌ ክፍት ሆኖ የሚሠራ የዳታቤዝ ፋይል ነው። የሒሳብ ሶፍትዌር ዳታ፣ የአውትሉክ የኢሜይል ፋይል፣ የመሳሰለው። በየደቂቃው ይቀየራል፣ በየደቂቃው ሊጭነው ይሞክራል፣ መሃል ላይ የተወሰደ ኮፒ ደግሞ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሌላው የኮድ ፕሮጀክት ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ አንዷ ትንሽ ፕሮጀክት በአስር ሺዎች የሚቆጠር የላይብረሪ ፋይል ታመጣለች። እዚህ ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ፎልደሩን ውሰድ፣ ውስጡ ያለችውን ይቺን ግን ተዋት» የሚባልበት መንገድ የለም። ለኔ ከድክመቶቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ለኮድ ጊት የሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ አለላችሁ።

አንድ ፎልደር ላይ ሁለት የሲንክ ፕሮግራም ማሠራትም አይታሰብ። ከዚህ በፊት ሌላ አገልግሎት እጠቀም ነበር፤ ስሙን ልተወው። አዲሱን ስጭን የድሮውን ማጥፋት ረሳሁ። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ለውጥ እያየ ሲጭን ሲያወርድ ዋለ። የኮምፒውተሩ ፋን ድምፅ ነው የነገረኝ።

ኢንተርኔታችሁ ጠባብ ከሆነ ፍጥነቱን መገደብ ትችላላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ የአፕሎድና የዳውንሎድ መጠን በኪሎባይት በሰከንድ ይሞላል። እኔ አፕሎዱን 200 ላይ አሠርኩት። ከዚያ በፊት የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፄ እየተቆራረጠ «እንደገና በለው» እየተባልኩ ነበር። ለአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ሲንኩን ፖዝ ማድረግም ይቻላል። ችግሩ፣ ፖዝ ያደረገ ሰው መልሶ ማስነሳቱን ይረሳል። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ረስቼዋለሁ።

ነፃው ቦታ 15 ጊጋ ነው። ግን ለድራይቭ ብቻ አይደለም፤ ጂሜይልና ጉግል ፎቶስም ከዚያችው ነው የሚቆርሱት። ሲሞላ ሲንኩ ይቆማል። ኢሜይል መቀበልም ሊያስቸግራችሁ ይችላል። የሥራ ኢሜይላችሁ እዚያ ከሆነ ይሄን አትናቁት። እኔ 100 ጊጋውን ፓኬጅ ነው የምጠቀመው። አሁን 81 ደርሷል።

ከወደድኳቸው ነገሮች አንዷ የፋይል ታሪክ ናት። ወርድም ይሁን ፒዲኤፍ፣ ስታሻሽሉት የቀድሞው ወዲያው አይጠፋም። እስከ 30 ቀን ወይም እስከ 100 እትም ድረስ ይቆያል። ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ የበፊቱን ማውረድ ትችላላችሁ። ባለፈው 14 ገጽ ሪፖርት ላይ በስህተት ባዶ ፋይል ሴቭ አድርጌ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። የጠዋቱን እትም በ2 ደቂቃ አወጣሁት። «የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል ከፈጠርኩ ወራት ሆኖኛል።

ፍለጋውም አይከፋም። «ኮንትሮል»፣ «ኦልት» እና «ጂ» አንድ ላይ ስትጫኑ መፈለጊያ ይመጣል። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ግን የጉግል የራሱ ፕሮግራም የላችሁም።

ባክአፕ (ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ቅጂ) ነው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ለኔ አይደለም። ከፎቶው ጉዳይ በኋላ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ገዝቼ በየእሑዱ ከዴስክቶፑ ላይ ኮፒ አደርጋለሁ። ኮፒው ሲያልቅ ይነቀላል፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የተነቀለን ዲስክ ሲንክ አያገኘውም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ የራሷ ኮምፒውተር ላይ እንድጭንላት ጠየቀችኝ። ምንም ሳልነካ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ባዶ ቦታሽ ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። አንተው እየው።»

22 ጊጋ። ስትሪም አልኩላት።

«የትኛው ፎልደር ሲንክ ይደረግልሽ?»

«ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ» አለችኝ። ዴስክቶፑን አየሁት። ከጀርባው ያለው ምስል አይታይም፤ አይከን በአይከን ነው። መሃል ላይ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «አዲስ ፎልደር 3» እስከ 17 ድረስ ተሰልፈዋል።

«መጀመሪያ እነዚህን አብረን እንክፈታቸው» አልኳት። እስካሁን 6ኛው ላይ ነን።