ደሴ ፒያሳ ጀርባ ያለው ፎቶ ቤት እና የቅዳሜ ማታ ፕሮግራሙ

ደሴ ውስጥ ፎቶ የት ላሳትም፣ ደግሞስ ያ ፎቶ አንሺዎች ስለ ስራቸው የሚያወሩበት ቤት እንዴት ነው እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ረዘም አድርጌ ልፃፈው። ቤቱ ፒያሳ ጀርባ ነው፣ ከውጭ ስታዩት እንደማንኛውም ፎቶ ቤት ነው፣ ጉርድ ፎቶ፣ ላሚኔት፣ የሰርግ አልበም፣ ፍሬም ይሰራል፣ መስታወቱ ላይ ሙሽሮች ተለጥፈዋል። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ግን ድሮ ፊልም የሚታጠብበትን ጨለማ ክፍል ከጎኑ ካለው እቃ ቤት ጋር አገናኝተው ነጭ ቀለም ቀብተው አዳራሽ አድርገውታል፣ ቅዳሜ ማታ ፕሮግራሙ እዛ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ለራሱ ብሎ የሰራውን፣ ማለት ደንበኛ ያላዘዘውን፣ ማንም ያልከፈለበትን ስራ አሳትሞ ይሰቅላል፣ ከዛ ፎቶው አጠገብ ቆሞ እንዴት እንደሰራውና ለምን እንደሰራው ይናገራል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ቡና ይፈላል። መግቢያው ቡናውን ጨምሮ 100 ብር ነው።

እኔ ሳልሸራርፍ እናገራለሁ፣ ባሁኑ ሰዓት ደሴ ላይ ለፎቶ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እኛ እዚህ በካሜራ እንጀራ የምንበላ ሰዎች አመቱን ሙሉ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ስናነሳ እንከርማለን፣ ሰው ያዘዘንን ነው የምንሰራው፣ ለራሳችን ብለን ያነሳናት ነገር ሀርድ ዲስክ ውስጥ ገብታ ትቀራለች፣ ይቺን ለምን አነሳሃት ብሎ የሚጠይቅህ ሰው የለም። እዚህ ቤት ግን የሚጠይቅ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። እንዲህ አይነት ነገር አዲስ አበባ ነበር የምንሰማው፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በፈረንጆቹ 2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ከጀመረች ወዲህ እዛ ያሉ ልጆች ስራቸውን የሚያሳዩበት መድረክ አገኙ፣ እኛ ግን 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ነው የምናየው፣ እሱም ስራ ከተገኘለት።

ካየኋቸው ሁሉ ልቤን የወሰደው የአንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ስራ ነው። የሰቀለችው የድሮ ፎቶዎችን ጀርባ ነው። አዎ ጀርባቸውን፣ ፊቱን አንድም ቦታ አታዩትም። ግድግዳው ላይ ቢጫ ያዘለ ወረቀት በትልቁ ታትሞ ተደርድሯል፣ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ጥቁር የአልበም ወረቀት ሲገነጠል ተጣብቆ የቀረበት፣ የፎቶ ቤት ማህተም ያረፈበት፣ በሰማያዊ ቢክ የተፃፈበት። አንዱ ላይ «ለማትረሺኝ እህቴ መታሰቢያ ትሁንሽ፣ ታህሳስ 1961» ይላል። ሌላው ላይ ስም ብቻ ተፅፎ ተሰርዟል፣ ስርዙ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው፣ እሱ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

ታሪኩን ስትናገር ደግሞ ስራው ሌላ ሆነብኝ። መጀመሪያ ያሰበችው ሽማግሌዎችን የወጣትነት ፎቷቸውን አስይዛ ማንሳት ነበር፣ ያው ብዙ ሰው የሚሰራው አይነት። ሸዋ በር አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ጋ ስትሄድ እሳቸው እምቢ አሉ፣ «ፊቴን ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ» አሏትና ፎቶውን ገልብጠው «ይልቅ ይሄን አንሺ፣ የሱ የእጅ ፅሁፍ ነው» አሏት፣ የሟች ባለቤታቸውን ነው። ፎቶው ከቤት እንዲወጣም አልፈቀዱም፣ ስለዚህ ስካነር የሚባል ነገር የለም፣ እዛው መስኮት ስር ጠረጴዛ ስባ፣ ካሜራውን በትራይፖድ ከላይ ወደ ታች አዙራ፣ ባንድ በኩል ብቻ ብርሃን እንዲገባ በዛኛው በኩል ጥቁር ጨርቅ ይዛ ነው ያነሳችው። እዚህ ላይ ፎቶ የምታነሱ ሰዎች ልብ በሉ፣ ብርሃኑ ከጎን ወረቀቱን ገርፎት ሲያልፍ ቀለሙ የጠፋ ፊደል እንኳ የቢኩ ጫፍ የጎደጎደበት ቦታ ጥላ ስለሚይዝ ይነበባል። ፍላሽ ፊት ለፊት ብትለቅበት ኖሮ ባዶ ወረቀት ነበር የሚሆነው። እኛ ፊት ለማሳመር ስንት ላይት እንደረድራለን፣ እሷ በአንድ መስኮት የሞተ ሰው ፅሁፍ አስነበበችን።

ያን ማታ እኚያ እናት ራሳቸው ተጋብዘው መጥተው ነበር፣ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ሰዉ ሁሉ እየተነሳ አሏህ እድሜ ይስጥዎ ይላቸዋል። ተናገሩ ሲባሉ ብዙም አላወሩም፣ «አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥታ ነው ያነሳችው፣ አልቸኮለችም» ብቻ አሉ። እኔ ስለ ፎቶ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል፣ እኛ ጫማ ሳናወልቅ ገብተን አንስተን የምንወጣ ሰዎች ነን።

የባቲው ልጅ ስራም ሳይወራ አይታለፍም። ባቲን የማታውቁ ካላችሁ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሰኞ ገበያው አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ነው፣ ግመል ተራው ብቻ ቀኑን ሙሉ ቢያዩት አይሰለችም። ልጁ መጀመሪያ ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ፣ በ70-200፣ ከሩቅ ነበር የሚያነሳው፣ ሰው ሳያውቅበት፣ እኛም የምናውቀው ዘዴ ነው። አንድ ቀን አንድ የአፋር ሽማግሌ ነቁበትና ቀጥ ብለው መጥተው ምን ወሰድክብኝ አሉት። ስክሪኑ ላይ አሳያቸው፣ አዩት፣ ይሄ ያንተ ነው የኔስ የታለ አሉት። በሚቀጥለው ሰኞ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሞ ወሰደላቸው። ከዛ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፣ ባለ ግመሎቹ ራሳቸው የኔንስ ይሉት ጀመር፣ ረጅሙን ሌንስ ቤት ትቶ በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተጠግቶ ማንሳት ጀመረ።

ግድግዳው ላይ በጊዜ ቅደም ተከተል ስለሰቀለው ለውጡን ታዩታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ያምራሉ፣ አቧራው፣ የጠዋት ፀሀይ፣ ከኋላ ብዥ ያለ ግመል፣ ግን ማንም አያያችሁም። የኋለኞቹ ላይ ሰዎቹ ቀና ብለው እናንተን ነው የሚያዩት፣ አንዳንዶቹ ያለፈው ሳምንት ፎቷቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። ሲጠየቅ የተናገራት አንድ ነገር ደግሞ ጠቃሚ ናት፣ ግሎሲ፣ ማለት የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ያተማቸው በባቲ ፀሀይ እያንፀባረቁ አልታይ አሏቸው፣ ላብና አቧራ የነካው ጣትም ወዲያው ምልክት ይተውበታል፣ ስለዚህ ወደ ማት፣ ወደማያብለጨልጨው ወረቀት ዞረ። ይሄ ቤት ለፕሮግራሙ ተሳታፊዎች ትንንሹን ህትመት ዋጋ ቀንሶ ነው የሚሰራው፣ ያ ባይኖር በየሳምንቱ ያን ሁሉ አትሞ መስጠት አይችልም ነበር።

በዛው ማታ አንድ አባት ተነስተው ስለ 77ቱ ረሃብ ተናገሩ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፣ በፈረንጆቹ ጥቅምት 1984 የኬንያው ካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን እዛ የቀረፀውን የቢቢሲው ማይክል ብዩርክ ዘግቦት ዓለም ሁሉ አየው። እሳቸው ያሉት በአጭሩ፣ ያ ፊልም እርዳታ አምጥቷል፣ ሰው አድኗል፣ ይሄን የሚክድ የለም፣ ግን ከዛ በኋላ ወሎ ሲባል ዓለም የሚያስታውሰው ያንን ብቻ ሆነ፣ የእነዛን ሰዎች ፊት እንጂ ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ። ቤቱ ዝም አለ። እኔም ይሄን ፕሮግራም ለምን እንደወደድኩት የገባኝ ያኔ ነው፣ እዚህ የምትሰቀል ፎቶ ያነሳት ሰው አጠገቧ ቆሞ ይሄ ሰውዬ እገሌ ነው፣ ከዚህ ሰፈር ነው፣ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ ማለት አለበት። ማለት ካልቻለ ያስታውቃል።

ያስታወቀበትም ማታ አለ። አንዱ የላሊበላ ገናን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ፣ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ነጭ የለበሰ ካህን ዙሪያውን፣ ህትመቱ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር፣ ጥራቱ ምንም አይወጣለትም። ታሪኩ ግን ከሞላ ጎደል ስለ ካሜራው ነበር፣ ስለ ድሮኑ፣ ስለ ሌንሱ ዋጋ። አንዲት ተማሪ ይሄ ፊት ለፊት ያለው ዲያቆን ማነው፣ ፎቶውን አይቶታል ወይ ስትለው መልስ አልነበረውም። ልጁ ጎበዝ አንሺ ነው፣ እጁን አደንቃለሁ፣ ግን ያን ሁሉ ለሊት ብርድ ላይ ቆሞ አድሮ አንድ ሰው ሳያናግር መምጣቱ አሳዘነኝ። አዘጋጆቹም እዚህ ላይ ድክመት አለባቸው፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው የለም፣ አንዱ ሲያስረዝም ለጥያቄ የሚተርፈው ጊዜ ይበላል። ደግሞ ከመሰቀሉ በፊት ሰዎቹን አስፈቅደሃል ወይ ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው፣ በተለይ የህፃናት ፎቶ ሲሆን።

ፕሮግራሙ ሲጀመር ስለ አንድ ታዋቂ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ አጭር ነገር ይነገራል፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ሚካኤል ጸጋዬ ሰዓሊ ሆኖ ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ካሜራ እንደዞረ የሰማሁት እዚህ ነው። የግርማ በርታ ነገር ደግሞ ልጆቹን አነቃቅቷቸዋል፣ የአዲስ አበባን መንገደኛ በስልክ አንስቶ፣ ከጀርባው ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ባንድ ደማቅ ቀለም ላይ ሰውየውንና ጥላውን ብቻ አስቀርቶ፣ በፈረንጆቹ 2016 የፎቶ ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ለፎቶ አንሺዎች የሚሰጡትን የገንዘብ ድጋፍ አሸነፈበት። ይሄ ከተነገረ ወዲህ በስልክ የተሰራ ስራ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች በዝተዋል፣ ቤቱም ይቀበላቸዋል፣ ካሜራ የለህም ብሎ የመለሰው ሰው አላየሁም።

ስለ ህትመቱ ለሚጠይቁኝ፣ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ከከተማው ብዙ አይርቅም። ትልቅ ከማተማቸው በፊት ትንሽ ቁራጭ አትመው ያሳዩሃል፣ ይሄን ሳታዩ እሺ እንዳትሉ፣ ምክንያቱም ስልክና ላፕቶፕ ላይ ብርሃኑ ስለሚያታልል የጠይም ሰው ፊት ወረቀት ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው። የኔ አንዱ ቀላ ብሎ ወጥቶብኝ ሳልጨቃጨቅ በነፃ ደግመውልኛል። ፎቶ በቴሌግራም ዝም ብላችሁ አትላኩ፣ ይጨመቃል፣ ወይ በፋይል ላኩ ወይ ፍላሽ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። 30 በ45 ሴንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ፣ ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ወደ 3543 በ5315 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ከዛ ካነሰ አነስ አድርጋችሁ አሳትሙ። ፍሬማቸው ግን መስታወቱ አምፖሉን ያንፀባርቃል፣ ያለ መስታወት ብታስደርጉ ይሻላል።

ሌላው ችግር ወንበር ነው፣ ዘግይቶ የመጣ ቆሞ ነው የሚያመሸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተሩ ስለሚጮህ ተናጋሪው አይሰማም፣ አንድ ማታ አጥፍተውት በስልክ መብራት ቀጠሉ፣ እሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ የደሴን ማታ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ያዙ።

ከሁሉ በላይ እንዲስተካከል የምፈልገው ግን ይሄን ነው። ፎቶዎቹ ከቅዳሜው በኋላም ተሰቅለው ይከርማሉ፣ በሳምንቱ መሀል ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው ገባ ብሎ ያያቸዋል፣ ግን አጠገባቸው ያለው ርዕስና ዋጋ ብቻ ነው። የኮምቦልቻዋ ልጅ ስራ ያለ ታሪኩ አሮጌ ወረቀት ነው ተብሎ ሲታለፍ ባይኔ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የከነከነኝ። ባለቤቱን አንድ ገፅ ፅሁፍ ለጥፍ ወይ የተናገሩትን ቀርፀህ በስልክ አሰማ ብዬዋለሁ፣ አብሽር ይደረጋል ብሎኛል፣ እስካሁን አልተለጠፈም። እናንተም ስትሄዱ ጠይቁት፣ ብዙ ሰው ከጠየቀው ያደርገዋል፣ ሰው የሚሰማ ሰው ነው። እስከዛው ቅዳሜን ጠብቃችሁ ሂዱ፣ ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ ሲመሽ በሀረጎ የሚወርድ ታክሲ ስለማይገኝ ወይ ማደሪያ ያዙ ወይ የሚመለስ መኪና ቀድማችሁ አናግሩ።